ከሆስፒታል ወደ ትምህርት ቤት፦ ሥራና ትምህርት አብረው ለያዙ ነርሶች

በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነርሶች ስለ ሥራ ሲጫወቱ አንድ ምኞት ሳይነሳ አይቀርም፤ ትምህርት ቤት መግባት። ሌሊት መሥራት ይቀራል፣ ቅዳሜና እሁድ ይገኛል፣ በጋው ይታረፋል፣ ከልጆች ጋር አብሮ ወጥቶ አብሮ መግባት ይቻላል። (የእኛ ገና ግን በዕረፍቱ ውስጥ የለም፤ ታኅሣሥ 29 ሲደርስ ትምህርት ቤቶቹ ከፈረንጆቹ ገና ተመልሰው ሥራ ጀምረዋል።) ዓመታት ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆሞ ለሠራ ሰው ምኞቱ የሚገባ ነው። ነገር ግን መንገዱ ብዙ ጊዜ በተጨማሪ ትምህርት በኩል ያልፋል። ሲደርሱም የሚጠብቀው ሥራ ፕላስተር ለጥፎ በረዶ ከመስጠት በብዙ ይበልጣል።

በመጀመሪያ፣ ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ላይሰንስ ለማደስ የሚጠየቀው ተከታታይ ትምህርት ነው፤ ነርሶች «ሲኢዩ» የሚሉት። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ኢትዮጵያ ውስጥም የጤና ባለሙያ የሥራ ፈቃዱን ሲያድስ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና መውሰዱን ማሳየት አለበት። አሜሪካ ውስጥ ግን ልኩ በየስቴቱ ይለያያል። ካሊፎርኒያ በየሁለት ዓመቱ 30 ሰዓት ትጠይቃለች፤ ቴክሳስ 20፤ ሚኒሶታ ለአርኤን (ሬጂስተርድ ነርስ) 24፣ ለኤልፒኤን (ላይሰንስድ ፕራክቲካል ነርስ) 12። ሜሪላንድ ደግሞ በዋናነት የምታየው ሥራውን ነው፤ ባለፉት አምስት ዓመታት 1,000 ሰዓት በነርስነት መሥራትን። ከስቴት ስቴት የተዛወረች ነርስ የቀድሞውን ሕግ ይዛ ብትቀመጥ ልትቸገር ትችላለችና የምትሠራበትን ስቴት የነርሲንግ ቦርድ ድረ ገጽ ራሷ ማየት አለባት።

ሁለተኛው ዲግሪ ነው። መቶ ሰዓት ሲኢዩ ቢጠራቀም ወደ ቢኤስኤን (የነርሲንግ ባችለር ዲግሪ) አያደርስም፤ መዝገባቸው ለየብቻ ነው። «እየተማርኩ ነው» የምትል ነርስ የትኛውን ማለቷ እንደሆነ ለይታ ማወቅ ይኖርባታል። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ባወጣችው ሕግ አዲስ አርኤኖች በ10 ዓመት ውስጥ የነርሲንግ ባችለር እንዲይዙ አድርጋለች። ሌሎች ስቴቶች እንዲህ ያለ ሕግ ባይኖራቸውም ቀጣሪዎች በማስታወቂያቸው ላይ ባችለር መጠየቃቸው የተለመደ ነው።

ሲኢዩ ቀላሉ ክፍል ቢሆንም ብዙ ሰው ያባክነዋል። ላይሰንሱ ሊያበቃ ሳምንት ሲቀረው ኢንተርኔት ላይ የተገኘውን ርካሽ ኮርስ ገዝቶ፣ ጽሑፉን ሳያነቡ ፈተናውን ሞልቶ፣ ሰርተፊኬቱን ማውረድ። ሰዓቱ መሞላቱ ካልቀረ ወደሚፈለገው ሥራ ቢጠቁም ይሻላል። ስለ ልጆች አስም፣ ስለ ዓይነት አንድ ስኳር በሽታና የኢንሱሊን ፓምፕ፣ ስለ ሚጥል በሽታ፣ ስለ ብርቱ አለርጂ፣ ስለ ወጣቶች የአእምሮ ጤና የሚሰጡ ኮርሶች አሉ። ዓመታትን በነርሲንግ ሆም ከአረጋውያን ጋር ያሳለፈች ነርስ በቃለ መጠይቅ ላይ «ከልጆች ጋር ልምድሽ ምንድን ነው?» ስትባል እነዚህን ማሳየት ትችላለች። ኮርሱ በስቴቷ ቦርድ ተቀባይነት ያለው መሆኑን አስቀድማ ታረጋግጥ፤ ሰርተፊኬቶቹንም አትጣል፤ ቦርዱ በናሙና መርጦ ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል።

ዲግሪው ላይ ነው ጭንቁ። ከኛ ሰው ብዙው በሲኤንኤ (በረዳት ነርስነት) ጀምሮ፣ ኤልፒኤን ሆኖ፣ ከዚያ በሁለት ዓመት ኮሌጅ አርኤን የደረሰ ነው። ከአርኤን ወደ ቢኤስኤን የሚወስዱ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ በኢንተርኔት ይሰጣሉ፤ «በፈለግሽ ሰዓት ትማሪያለሽ» ተብሎም ይነገራል። ይህ አባባል ግማሽ እውነት ነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ጠዋቱ አንድ ሰዓት የምትሠራ እናት ቤት ደርሳ ልጆቿን ሸኝታ የምትተኛው ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ልጆቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመለሱ ትነሳለች። በዚህ መካከል ሳምንታዊ የጽሑፍ ውይይት አለ፣ ለክፍል ጓደኞች መልስ መስጠት አለ፣ ምንጩ በሥርዓት የተጠቀሰ ረጅም ጽሑፍ ማቅረብ አለ። የሥራ ላይ እንግሊዝኛቸው እንከን የሌለው ነርሶችን ሳይቀር የሚያስለቅሰው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ታካሚን ማነጋገርና አካዴሚያዊ ጽሑፍ መጻፍ ለየቅል ናቸው። ኮሌጆች ለተማሪ በነፃ የሚሰጡት የጽሑፍ እርዳታ አለ፤ በይሉኝታ ወይም ባለማወቅ የሚጠቀምበት ትንሽ ነው።

ሌላው እንቅፋት የማኅበረሰብ ጤና ልምምድ ነው። በአንዳንድ ፕሮግራሞች ይህን ልምምድ ራሷ ተማሪዋ ቦታ ፈልጋ፣ በቀን፣ በሥራ ሰዓት መፈጸም አለባት። ከመመዝገቧ በፊት ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ቦታውን ማን እንደሚያገኝ፣ ፕሮግራሙም በሁለቱ ዋና የነርሲንግ ትምህርት እውቅና ሰጪዎች፣ በሲሲኤንኢ ወይም በኤሲኢኤን፣ የታወቀ መሆኑን ብትጠይቅ በኋላ ከሚመጣ ልቅሶ ትድናለች። ደግሞም ልምምዱን በአቅራቢያዋ ባለ ትምህርት ቤት ማድረግ ከቻለች ዲግሪውንም የሚቀጥራትንም ሰው በአንድ ጊዜ ታገኛለች።

ስለ ገንዘቡ ጥቂት ልበል። ብዙ ሆስፒታሎች የሠራተኛን ትምህርት ይከፍላሉ፤ በፌዴራል ሕግ ቀጣሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ለትምህርት ቢከፍል ገንዘቡ ለሠራተኛው እንደ ገቢ ታይቶ ግብር አይቆረጥበትም። ከኋላው ግን አብዛኛውን ጊዜ ውል አለ፤ ተምረሽ ይህን ያህል ዓመት ትሠሪያለሽ፣ ካልሆነ ትመልሻለሽ የሚል። ሆስፒታል ከፍሎላት በማግስቱ ወደ ትምህርት ቤት ልሂድ ያለች ነርስ ያንን ውል አንብባ ነበር ወይ የሚለው ትልቅ ጥያቄ ነው። የትምህርት ብድር ላለባት ደግሞ የሕዝብ ትምህርት ቤት የሚሰጣት ጥቅም አለ። ለመንግሥት ተቋማት ሠራተኞች በተዘጋጀው የብድር ስረዛ ፕሮግራም መሠረት ደንቡን ያሟሉ 120 ወርሃዊ ክፍያዎች ከተፈጸሙ በኋላ ቀሪው የፌዴራል ብድር ይሰረዛል። ከገንዘቡ ሌላ የጊዜ ጉዳይ አለ፤ ሁለት ሥራ የያዘ ሰው ትምህርት ሲጨምር የመጀመሪያው የሚቀነሰው እንቅልፍ ነው። በእኔ አስተያየት ከእንቅልፍ በፊት ሁለተኛው ሥራ ቢቀነስ ይሻላል፤ በእንቅልፍ እጦት መድኃኒት መስጠትም መኪና መንዳትም አደጋ ነው።

ትምህርት ቤቶቹ የሚጠይቁትም አንድ ዓይነት አይደለም። በካሊፎርኒያ አርኤንነትና ባችለር አስፈላጊ ናቸው፤ ከዚያ በላይ የትምህርት ቤት ነርስ ምስክርነት የሚባል ፈቃድ አለ፣ በመጀመሪያው ጊዜያዊ ፈቃድ አምስት ዓመት እየሠሩ ተጨማሪውን ኮርስ መጨረስ ይቻላል። በሚኒሶታ «ላይሰንስድ ስኩል ነርስ» ለመባል የነርሲንግ ባችለርና የሕዝብ ጤና ነርስነት ምዝገባ ያስፈልጋል። ፔንሲልቬንያ የራሷ ሰርተፊኬት አላት። በሌሎች ቦታዎች አርኤን ብቻ ይበቃል፤ ኤልፒኤኖችም በአርኤን ሥር ሆነው የሚሠሩባቸው ብዙ ትምህርት ቤቶች አሉ። ሐበሻ በሚበዛባቸው በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲና በቨርጂኒያ ፌርፋክስ ደግሞ የትምህርት ቤት ጤናን የሚመሩት የካውንቲዎቹ የጤና መሥሪያ ቤቶች ናቸው። እዚያ ሥራ የሚፈልግ ሰው በትምህርት ቤቶቹ የቅጥር ገጽ ላይ ብቻ ሲፈልግ ቢውል ማስታወቂያው ሊያመልጠው ይችላል።

ወደ ሥራው እንምጣ። ሙያው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1902 ኒውዮርክ ውስጥ ሲጀመር የስደተኞች ልጆች በትራኮማ፣ በቅማልና በጭርት ምክንያት ከክፍል ይባረሩ ነበር፤ የሚያክማቸው ግን አልነበረም። ሊሊያን ዋልድ የተባለችው የማኅበረሰብ ነርስ ባልደረባዋን ሊና ሮጀርስን ወደ አራት ትምህርት ቤቶች ላከች። ሮጀርስ ልጆቹን አከመች፣ ቤታቸው ድረስ ሄዳ ወላጆችን አስተማረች፤ የሚባረሩት ልጆች ቁጥር በዓመት ውስጥ እጅግ ቀነሰና ከተማዋ ሌሎች ነርሶችን ቀጠረች። ግቡ ዛሬም ያው ነው፦ ልጁ ጤናማ ሆኖ ክፍል ውስጥ እንዲገኝ።

የተለወጠው የልጆቹ ሁኔታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973ና በ1975 የወጡት የፌዴራል ሕጎች የአካል ጉዳትና ከባድ ሕመም ያለባቸው ልጆች ከሌሎች ጋር የመማር መብት ሰጥተዋል። ስለዚህ ዛሬ በትምህርት ቤቱ ክሊኒክ ውስጥ በሆድ ቱቦ የሚመገብ፣ በአንገት ቱቦ የሚተነፍስ፣ ከምሳ በፊት ኢንሱሊን የሚሰላለት ልጅ አለ። ለእያንዳንዳቸው ነርሷ የግል የጤና ዕቅድና የድንገተኛ ጊዜ መመሪያ ትጽፋለች። ከሐኪም ትእዛዝ ታስፈርማለች። አስተማሪ፣ የአውቶቡስ ሾፌርና የምሳ ቤት ሠራተኛ ኤፒፔን እንዴት እንደሚወጋ ታሠለጥናለች። ስቴቷ የሚፈቅደውን ያህል ሥራ ለረዳት ትሰጣለች፤ ውክልናው ግን ከኃላፊነት አያወጣትም። የማየትና የመስማት ምርመራ፣ የክትባት መዝገብ፣ የመድኃኒት ቁልፍ ሳጥን፣ ፈተና ባለበት ቀን «ሆዴን አመመኝ» እያሉ የሚሰለፉት፤ ይህ ሁሉ በአንድ ክፍል ውስጥ ነው።

ከሆስፒታል የመጣችውን ነርስ የሚያስደነግጣት ብቸኝነቱ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ቁልፍ ስትጫን ሐኪም፣ የመተንፈሻ ባለሙያ፣ ቻርጅ ነርስ ይደርሳሉ። እዚህ በሕንፃው ውስጥ ያለችው የጤና ባለሙያ እሷ ብቻ ናት። ልጁ ወለል ላይ ሲንቀጠቀጥ አምቡላንስ እስኪመጣ የምትወስነው እሷ ነች። ርእሰ መምህሩ አለቃዋ ቢሆንም ነርሲንግ አያውቅም፤ «ወደ ክፍል መልሽው» ሲላት አይሆንም ማለት ያለባት ጊዜ ይመጣል። ስለዚህ ትምህርት ቤት ለደከመ ሰው ማረፊያ፣ ለአዲስ ተመራቂ መለማመጃ ነው የሚለውን አባባል አልቀበለውም። በሆስፒታል ወይም በክሊኒክ ጥቂት ዓመት የሠራ እጅ ያስፈልገዋል።

የምስጢር ሕጉም ይለያል። ሆስፒታል ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው ሂፓ የተባለውን የታካሚ ምስጢር ሕግ ነው። በሕዝብ ትምህርት ቤት ነርሷ የምትጽፈው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ትምህርት መዝገብ ስለሚታይ የሚገዛው ፌርፓ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ሕግ ነው፤ ወላጅ የማየት መብት አለው፣ በሥራው ምክንያት ማወቅ ያለበት አስተማሪም ሊያየው ይችላል። በሆስፒታል መጻፍ የለመደ እጅ ይህን አስታውሶ ይጻፍ።

አማርኛ የሚናገር ነርስ በዚህ ሥራ የሚጨምረው ነገር ከአስተርጓሚነት ያለፈ ነው። ከኢትዮጵያ የመጣ የክትባት ካርድ በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ ከሆነ በ2010 ዓ.ም. የተከተበ ሕፃን በፈረንጆች 2010፣ ማለትም ገና ሳይወለድ እንደተከተበ ይነበባል፤ መዝገቡ አይቀበለውም፣ ልጁም የወሰደውን ክትባት እንደገና ሊወጋ ይችላል። ጉድፍና ጆሮ ደግፍ ኢትዮጵያ ውስጥ በመደበኛው ክትባት ስለሌሉ ወላጁ «ሁሉንም ጨርሷል» ሲል አይዋሽም፣ ግን ይጎድላል። ሲወለድ የቢሲጂ ክትባት የወሰደ ልጅ በቆዳ የሚደረገው የቲቢ ምርመራ ሳይታመም ሊያብጥበት ይችላል፤ የደም ምርመራው የተሻለ መሆኑን ለወላጅ መንገር ብዙ ድንጋጤ ያስቀራል። የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ «ስሙ እንዳይነሳ» ብለው ከትምህርት ቤት የሚደብቁ ቤተሰቦች አሉ። ስኳር ያለበት ታዳጊ ጾም ሲይዝ ማን ያማክረው? እነዚህን ያለ ማፈር መጠየቅ የምትችለው ባህሉን የምታውቅ ናት። ታዲያ የልጁን እናት እሁድ ቤተ ክርስቲያን ወይም ዓርብ መስጊድ ታገኛታለች፤ አፍን መጠበቅ እንደ ማንኛውም ታካሚ ነው።

ደመወዙ በአብዛኛው ከሆስፒታል ያንሳል። የሌሊትና የቅዳሜ ተጨማሪ ክፍያ ይቀራል፣ ኦቨርታይም ይቀራል፣ የትምህርት ዓመቱ 180 ቀን ገደማ ስለሆነ በአንዳንድ ቦታ በጋው ክፍያ የለውም። በሌላ በኩል ጡረታና የጤና መድኅን ይገኛል፣ ነርሶች በመምህራን የደመወዝ ደረጃ የሚከፈሉባቸው ወረዳዎችም አሉ። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ከመዝለል በፊት መሞከር ይሻላል። ተተኪ ነርስ ሆኖ መመዝገብ አንዱ መንገድ ነው። በኤጀንሲ በኩል ለአንድ ሕመምተኛ ልጅ ነርስ ሆኖ፣ ከአውቶቡስ እስከ ክፍል አብሮ መዋልም ሌላው ነው፤ ይህኛው ለኤልፒኤኖችም ክፍት ስለሆነ በብዛት ይገቡበታል።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ቢያንስ አንድ የሙሉ ጊዜ አርኤን እንዲኖር መክሯል። ብዙ ቦታ ግን ምክሩ አልተፈጸመም። በፔንሲልቬንያ ሕጉ ለአንድ ነርስ እስከ 1,500 ተማሪ ይፈቅዳል። ስለዚህ ለቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ ስንት ትምህርት ቤት እንደሚሰጥዎት፣ በጠቅላላው ስንት ተማሪ እንዳለ፣ ስንቱ ኢንሱሊን ወይም ቱቦ እንደሚጠቀም፣ እርስዎ ሲታመሙ ማን እንደሚተካዎ ይጠይቁ። ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ የሌለው ቀጣሪ ካጋጠመዎት ሌላ ቦታ ይፈልጉ።