የሰፈር እንደራሴ፤ የቀበሌ ምክር ቤት አባል ሥራና ድካም

በሰፈራችሁ ያለው ቦኖ ውሃ ቢያቋርጥ፥ ጎርፍ መንገዱን ቢቆርጠው፥ ወይም ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ቢጣሉ፥ መጀመሪያ ወደ ማን ትሄዳላችሁ? ይህን ጥያቄ ለክፍል ጓደኞቼ ባቀረብሁላቸው ጊዜ አንዱ «ወደ ሽማግሌ»፥ ሌላዋ «ወደ ሊቀ መንበሩ»፥ ሦስተኛው ደግሞ «ወደ ማንም፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው» ሲሉ መለሱልኝ። የቀበሌ ምክር ቤት አባልን ያስታወሰ ግን አንድም አልነበረም። ስለዚህ የምክር ቤት አባል ማን እንደ ሆነና ምን እንደሚሠራ ባየሁትና በተማርሁት መጠን ለመግለጽ ተነሣሁ።

በቀድሞው ዘመን፥ በወገራም ሆነ በስሜን፥ የመንደሩን ጉዳይ የሚይዘው ጭቃ ሹም ነበር። ጭቃ ሹም ግብር እንዲሰበሰብ ያደርጋል፤ ከበላይ የታዘዘውንም ለባላገሩ ያስታውቃል። ቃሉ በአብዛኛው የሚወርደው ከላይ ወደ ታች ነበር። በ1967 ዓ.ም. የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ደግሞ የከተማ ነዋሪዎች በቀበሌ ተደራጁ። «ቀበሌ» የሚለው ስም በየቤቱ የገባው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ50ኛው አንቀጽ፥ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ደነገገ። በ1994 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥትም የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶችን ሥልጣን ዘርዝሮ አስቀመጠ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደባልቀውን አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ሊቀ መንበሩና የካቢኔ ባልደረቦቹ ሥራውን የሚያካሂዱ ናቸው። የምክር ቤቱ አባል ግን ሥራው መሠራቱን የሚጠይቅ፥ ሪፖርት የሚሰማ፥ ዕቅድ የሚያጸድቅ የሕዝብ እንደራሴ ነው። ኑሮው በእርሻው ወይም በንግዱ ነው እንጂ በዚህ ሥራ አይደለም። መሬት መስጠትም ሆነ መንሣት፥ ፍርድ መፍረድም አይችልም። ታዲያ ገንዘብም ትእዛዝም በእጁ ከሌለ ምን አለው? ቃል አለው። የሰፈሩን ቃል ወደ ጽሕፈት ቤት ያደርሳል፤ የጽሕፈት ቤቱን መልስ ደግሞ ወደ ሰፈሩ ይመልሳል። ከሁለቱ የሚከብደው ሁለተኛው ነው።

ለዚህ በዐይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት በመጋቢት ወር፥ ከከተማው ዳር ባለው ሰፈራችን የቦኖው ውሃ ተቋረጠ። እናቶችና ልጃገረዶች ጀሪካን ይዘው ገደል ሥር ወዳለው ምንጭ ይወርዱ ጀመር። ታናሽ እኅቴ ወረፋ ጠብቃ፥ ዳገቱን ወጥታ ትምህርት ቤት እስክትደርስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልፋት ነበር። የተሰበረው ቧንቧ ያለው በአንድ ገበሬ ማሳ ውስጥ ነው፤ ገበሬውም «መሬቴን አታስቆፍሩም» ብለው ከለከሉ። ሰፈሩ በሙሉ አኮረፋቸው። «ክፉ ሰው» ያልነው ብዙ ነበርን፤ እኔም አንዱ ነበርሁ።

በገበያ ቀን ገብስና ባቄላ የሚሸጡ አንዲት እናት የሰፈራችን የምክር ቤት አባል ናቸው። እሳቸው እንደ እኛ አላኮረፉም፤ ማታ ወደ ገበሬው ቤት ሄደው «አባባ፥ ምክንያትዎን ለመስማት ነው የመጣሁት» አሏቸው። ገበሬውም ማሳው ከጥቂት ዓመታት በፊት ተቆፍሮ ቦዩ ሳይደፈን እንደ ቀረ፥ ክረምት ሲገባም ጎርፉ በዚያው ሰንጥቆ አፈሩን ጠርጎ እንደ ወሰደባቸው ነገሯቸው። ሴትዮዋ በማግሥቱ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ማሳውን አዩ፤ የተባለውም እውነት ሆኖ ተገኘ። ክፉ ሰው መስለውን የነበሩት ገበሬ የተበደሉ ሰው ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ጉዳዩ በቃለ ጉባኤ ተጻፈ። ቧንቧው እንዲጠገን፥ ሰፈሩ ቦዩን ከክረምት በፊት በደቦ ሊደፍንና በድንጋይ ሊክብ፥ ገበሬውም ማስቆፈሩን ሊፈቅዱ ተስማሙ። ማመልከቻው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደረሰ። የተሰጠው መልስ ግን «ለጊዜው ቧንቧ የለም» የሚል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን መልስ ይዞ ወደ ሰፈር ለመመለስ ያፍር ነበር። እሳቸው ግን እሑድ በእድር ስብሰባ ላይ ቆመው «ሄጄ ነበር፤ የለም ተባልሁ፤ ሐሙስ ደግሜ እሄዳለሁ» አሉ። እንዲህ እያሉ አምስት እሑድ ተናገሩ። አንዳንዱ «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» እያለ ያጉረመርም ነበር፤ ነገር ግን ማንም ተረሳሁ አላለም። በሰባተኛው ሳምንት ቧንቧው መጣ። ቦዩን ለመድፈን ከወጣነው መካከል ቀድመው አኩርፈው የነበሩት በርትተው ሲሠሩ አየሁ።

የዚህ ዓይነቱ ሥራ በአገራችን ከአንድ ቦኖ በላይ ለሆነ ነገርም ያስፈልጋል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 ዓ.ም. ግን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተራ ገባ። በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች፥ ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች፥ እስከ 2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛውረው ሰፈሩ። በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ይህ ለዓለም ደስ የሚያሰኝ ዜና ነበር። ሆኖም በደጋው ገብስ ሲያመርትና በግ ሲያረባ የኖረ ሰው ከተማ ዳር ሲሰፍር አዲስ ጎረቤት፥ አዲስ እድር፥ አዲስ መተዳደሪያ ያስፈልገዋል። ቅርሱ ሲድን የሰውየው ኑሮ ምን ሆነ ብሎ በስብሰባ ላይ የሚጠይቅለት ከሌለ ጭንቀቱ በቤቱ ይቀራል።

እንዲሁም በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ እስከ ጭና ድረስ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ተሰደደ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ማን መጠለያ እንዳጣ፥ የትኛዋ አራስ እህል እንዳለቀባት ቀድሞ የሚያውቀው ሰፈሩን በየቤቱ የሚያውቅ ሰው ነው። ከሩቅ የሚመጣ እርዳታም ቢሆን የተቸገረውን ለይቶ የሚያሳየው ይፈልጋል።

የምክር ቤት አባል ሁሉ ግን እንዳየኋቸው እናት ነው ማለቴ አይደለም። ከተመረጠ በኋላ በሰፈሩ የማይታይ፥ የራሱን ዘመድ ጉዳይ ብቻ የሚያስቀድም፥ ከበላይ የመጣውን እጅ አውጥቶ ከማጽደቅ በቀር ቃል የማይተነፍስም አይጠፋም። የአካባቢ ምክር ቤቶች ምርጫ በ2000 እና በ2005 ዓ.ም. ተደርጎ ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው ግን ተራዘመ። ምርጫ ሲዘገይ የመራጩ መጠየቅ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ያልተጠየቀ እንደራሴ የወከለውን ሰው ቀስ በቀስ ይረሳልና።

እንግዲህ የእኛስ ድርሻ ምንድን ነው? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ወላጆቻችን በስብሰባ ቀን ቢገኙ፥ የሰፈራቸውንም እንደራሴ በስሙ ጠርተው «የዚያን ነገር መልስ ምን አሉህ?» ብለው ቢጠይቁ መልካም ነው። እኛ ተማሪዎችም መጻፍ የምንችል እንደ መሆናችን ማመልከቻ ልናረቅቅ፥ ቃለ ጉባኤ ልንገለብጥ እንችላለን። የሰፈራችንን ማመልከቻ በንጹሕ የገለበጥሁት እኔ ነበርሁ። ይህን የምናገረው ለመመካት ሳይሆን፥ አንድ ገጽ ወረቀት ምን ያህል እንደሚረዳ ስላየሁ ነው።

ዛሬ ቦኖው ይፈሳል፤ እኅቴም ደወል ሳይደወል ትደርሳለች። ገበሬውም በማሳቸው አጠገብ ባለፍሁ ቁጥር ሰላምታ ይሰጡኛል። እኔ ግን «ክፉ ሰው» ያልኋቸውን እያስታወስሁ፥ ራሴን ዝቅ አድርጌ እጅ እነሣለሁ።