የጾም ፒዛ እና የምድጃው ወጪ

በአዲስ አበባ ሰፈሮች በሚገኙ አነስተኛ ፒዛ ቤቶች የጾም ፒዛ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ የራሱን መደብ ይዞ መገኘቱ ዛሬ ማንንም ባያስገርምም፣ የፒዛ ዋነኛ መለያ ቺዝ እንደመሆኑ መጠን ቺዝ የሌለው ፒዛ ገዢ ማግኘቱ የምጣኔ ሀብት ማብራሪያ የሚሻ ጉዳይ ነው።

ማብራሪያው የሚጀምረው ከቋሚ ወጪ ነው፤ ቋሚ ወጪ የሚባለው ሽያጭ ቢጨምርም ቢቀንስም የማይለዋወጥ፣ እንደ ቤት ኪራይ፣ እንደ ሠራተኛ ደመወዝና ለምድጃ መግዣ እንደወጣ ገንዘብ ያለው ወጪ ነው። 55 ቀን የሚዘልቀው ዐቢይ ጾም፣ 15 ቀን የሚቆየው ፍልሰታ፣ ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም ሌሎቹ አጽዋማት ሲደመሩ የጾም ቀናት በዓመት ከ180 ስለሚበልጡ፣ የሙስሊሙና የፕሮቴስታንቱ ደንበኛ እንዳለ ሆኖ፣ የፍስክ ምግብ ብቻ የሚሸጥ ቤት የዓመቱን ግማሽ በቀዘቀዘ ገበያ ለማሳለፍ ይገደዳል። አከራይ ደግሞ ጾም ገባ ብሎ ኪራይ አይቀንስም። በመሆኑም ከዱቄቱ፣ ከአትክልቱና ከማገዶው ወይም ከኤሌክትሪኩ ዋጋ ጥቂት ከፍ ብሎ የተሸጠ እያንዳንዱ የጾም ፒዛ ከቋሚው ወጪ የተወሰነውን ይሸፍናል።

ከላይ የሚነሰነሰው ነገር በብዛት ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ሲገኝም እንጉዳይ ሲሆን፣ አጣብቆ የሚይዘው ቺዝ ስለሌለ ቁራሹ ገና ከሳህን ሲነሳ ሽንኩርቱ ይራገፋል፤ ይህን ጉድለት ወፈር ባለ የቲማቲም ስጎ ማካካስ የሚቻል ቢሆንም ብዙዎቹ ቤቶች አይጨነቁበትም።

ያልተለመደ ነገር ፒዛ ላይ መጨመር የአዲስ አበባ ብቻ ጠባይ አይደለም። የግሪክ ተወላጁ ሳም ፓኖፑሎስ በ1962 እ.ኤ.አ. በካናዳ ኦንታሪዮ፣ ቻታም ከተማ በነበረው ምግብ ቤቱ የቆርቆሮ አናናስ ፒዛ ላይ ጨምሮ ያቀረበ ሲሆን፣ በስዊድን ሙዝና የካሪ ቅመም ያለበት ፒዛ የተለመደ ነው። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ኤድዋርድ ቻምበርሊን በ1933 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሞኖፖላዊ ውድድር ያለው ገበያ፣ ማለትም ብዙ ሻጮች ተቀራራቢ ነገር ግን ፍጹም አንድ ያልሆነ ምርት እያቀረቡ እያንዳንዳቸው በዋጋቸው ላይ መጠነኛ ሥልጣን የሚያገኙበት ገበያ፣ ይህን አሠራር በሚገባ ይገልጸዋል። ሊጡና ስጎው በየቤቱ ተመሳሳይ ስለሆነ አንዱ ቤት ከሌላው የሚለይበት ቦታ የፒዛው ገጽ ነው።

ከዚህ አንጻር የቱና ፒዛ ለብቻው መታየት ይገባዋል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ለሊቃውንቱ ይቆይና፣ የታሸገ ቱና ከውጭ በዶላር የሚገባ በመሆኑ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከፈቀደ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ጭማሪው ከአገር ውስጥ ሽንኩርት ይልቅ በቱና ላይ ቀጥተኛ ጫና አሳድሯል። በዋጋ ዝርዝሮች ላይ በአሮጌው ቁጥር ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት የምታሳየውም ይህንኑ ነው፤ ዋጋን መቀየር ራሱ ወጪ ስላለው ሻጩ አዲስ ዝርዝር ከማሳተም ይልቅ መለጠፍን ይመርጣል።

የጾም ፒዛን የዋጋ ጣሪያ የሚወስነው ግን ሌላው ፒዛ ቤት አይደለም። በጾም ቀን የተራበ ሰው በአጠገቡ ተተኪ ምርት፣ ማለትም ያንኑ ፍላጎት የሚያሟላ ሌላ ምግብ ስለማያጣ፣ ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ የሞላበት በያይነቱ በቅርብ እስካለ ድረስ ሽንኩርቱ የሚራገፍ ፒዛ ከእርሱ ብዙ ርቆ ሊወደድ አይችልም።