እሬትና እንሰት በአትክልት ቦታ

የአትክልት ቦታ የቤት ፊት ነው። እንግዳ ወደ ውስጥ ገብቶ ምንጣፉንና ወንበሩን ከማየቱ አስቀድሞ በደጅ የበቀለውን ያያል፤ ከዚያም የባለቤቱን ትጋት ወይም ቸልታ ይመዝናል። ስለዚህ በደጃችን የሚተከለውን መምረጥ የመጋረጃ ጨርቅ ከመምረጥ ያነሰ ነገር አይደለም። ነገር ግን ብዙ ሰው ተክልን የሚመርጠው በነሐሴና በመስከረም፣ ምድር ሁሉ ለምልማ ባለችበት ጊዜ ነው፤ በጥርና በየካቲት ምን እንደሚሆን አይጠይቅም። በዚህም ምክንያት በክረምት በደስታ የተተከለው በበጋ ደርቆ ይነቀላል፤ የወጣው ገንዘብም የተቀዳው ውሃም ከንቱ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ነገር ለማስረዳት በጠባያቸው እጅግ የሚራራቁ ሁለት የአገራችንን ተክሎች እናነጻጽራለን፤ አንደኛው እሬት፣ ሁለተኛው እንሰት ነው። ሁለቱም ለዐይን ያማሩ ናቸው፤ ሁለቱም በደጋችን ይበቅላሉ፤ ነገር ግን አንዱ ቈጣቢ፣ ሌላው ብዙ ፈላጊ ነው።

እሬት ቅጠሉ ወፍራም፣ ዳርና ዳሩ እሾኻም፣ ውስጡ ውሃ ያዘለ ተክል ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 የሚበልጥ የእሬት ዓይነት ቈጥረዋል። ከነዚህም አንዱ በ1947 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሳይንስ መጽሔት ተገልጾ ሲታወቅ በደብረ ብርሃን አካባቢ የሚገኝ ስለ ሆነ ከከተማዪቱ ስም ተወስዶ “ደብራና” ተብሏል። ስለ መራራነቱ ለኢትዮጵያ እናቶች ማስተማር አያስፈልግም፤ ልጅ ጡት ለማስጣል ጡታቸውን የሚቀቡት እርሱን ነውና።

የእሬት ጥበብ በውሃ አያያዙ ላይ ነው። አብዛኛው ተክል በቀን ብርሃን የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከፍቶ አየር ያስገባል፤ በዚያውም ቀዳዳ ውሃው በፀሓይ እየተነነ ይወጣበታል። እሬት ግን ቀን ዘግቶ ይውላል፤ ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ይከፍታል፤ በሌሊት የሰበሰበውንም አኑሮ በማግሥቱ ብርሃን ይሠራበታል። የቅጠሉም ቆዳ በሰም እንደ ተቀባ ስለ ሆነ ውሃን በከንቱ አያባክንም። እንግዲህ ባለጸጋ ሳለ እንደ ድኻ የሚኖር ተክል ነው ማለት ይቻላል፤ የክረምቱን ሀብት አስቀምጦ በጋውን ይሻገርበታል።

የእሬት ጠላት ከድርቅ ይልቅ የተኛ ውሃ ነው። ሰው አዝኖለት ዕለት ዕለት ቢያጠጣው ሥሩ ይበሰብሳል፤ በረባዳ ጭቃ ላይም ቢተክሉት እንዲሁ ነው። የሚሻው ድንጋያማና ተዳፋት የሆነ፣ ፀሓይ በሙሉ የሚያገኘው ስፍራ ነው። ከሥሩ ልጅ የሚያወጣው ዓይነት ሲሆን ልጁን በተሳለ ቢላዋ ለይቶ፣ ቍስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን በጥላ አቈይቶ፣ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር መትከል ነው። ሲያብብም ቀይና ብርቱካንማ አበባው ከሩቅ ይታያል፤ አበባ የሚቀስሙ ትናንሽ ወፎችም ወደ ግቢው ይመጣሉ።

እንሰት ግን በሌላ ሥርዐት ይኖራል። ዛፍ ይምሰል እንጂ ዛፍ አይደለም፤ ግንድ የሚመስለው የቅጠሎቹ እግር ተደራርቦ የሠራው ነው። አንዱ ቅጠል ከሰው ቁመት በብዙ ይረዝማል፤ ተክሉም በሙሉ ከስድስት ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል። በግቢ ውስጥ እንደዚህ ያለ ግርማ የሚሰጥ ሌላ ቅጠል ማግኘት ያስቸግራል።

ይህንም ውበት የባዕድ አገር ሰዎች ከቶ አልናቁትም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከ1769 እስከ 1771 በአገራችን ቆይቶ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ እንሰትን ከነሥዕሉ ገልጾታል። በ1853 ደግሞ በምጽዋ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ዘሩን በለንደን አጠገብ ኪው ወደሚባለው የዕፅዋት ቦታ ላከ፤ በዚያ የነበሩትም ሊቃውንት ዘሩ በቅሎ እስኪያድግ ድረስ ምን እንደ ሆነ አላወቁም ነበር። እነዚህ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ዛሬም በአውሮፓ ለቅጠሉ ውበት ብቻ ይተክሉታል፤ ብርዱ ሲመጣም ነቅለው ወይም ከነማሰሮው አንሥተው ወደ ቤት ያገቡታል። በሳይንስም የሚጠራበት ስም ከእኛው ከእንሰት የተወሰደ ነው።

በእኛ አገር ግን የእንሰት ክብር ከውበት ያልፋል። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በከምባታ፣ በሀዲያ፣ በጋሞና በሌላውም የደቡብ አገር ቆጮና ቡላ፣ አምቾም ከእርሱ ይገኛል፤ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ኑሮው በእንሰት ላይ የተመሠረተ መሆኑ ይነገራል። ቃጫው ገመድ ይሆናል። በሰሜኑም አገር ኮባ እየተባለ በቤት አጠገብ ይተከላል፤ ቅጠሉም ድፎ ዳቦ ይጠቀለልበታል። እንግዲህ እንሰት የቤት ጌጥም የቤት ጓዳም ነው።

ነገር ግን ይህ ተክል ዋጋውን ይጠይቃል። ሰፊው ቅጠል ውሃ በብዛት ያወጣል፤ ስለዚህ በተለይ ገና ትንሽ ሳለ በበጋ ካልጠጣ ቅጠሉ እየረገፈ ዕድገቱ ይቆማል። ፍግና አመድ በየጊዜው ይፈልጋል። ነፋስ ቅጠሉን እንደ አሮጌ ሰንደቅ ዓላማ ይተለትለዋል፤ ብርቱ ውርጭም ያጠቍረዋል። በዕድሜውም አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ካበበም በኋላ ይሞታል፤ ስለዚህ ተተኪውን አስቀድሞ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ከሙዝ በተለየ ከሥሩ በራሱ ፈቃድ ልጅ ስለማያወጣ ገበሬዎች ግንዱን ቈርጠው የመካከሉን ቡቃያ ያወጡና ሥሩን በአፈርና በፍግ ይቀብሩታል፤ ከዚያም ብዙ ችግኝ ይበቅላል። የእንሰት አጠውልግ የሚባለው በሽታ ከታመመው ወደ ደኅናው በቢላዋ ስለሚተላለፍ የሚቈርጡበትን ስለት በእሳት ለብልቦ ማንጻት የማይታለፍ ነገር ነው።

እንግዲህ ከሁለቱ ማን ይበልጣል ተብሎ ቢጠየቅ፣ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው። የሚጠየቀው ስፍራውና ውሃው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ያላት ከተማ ናት፤ ዝናቧ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ግን ደረቅ ነው። በብዙ ሰፈርም የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ይመጣል። በእንደዚህ ያለ ጊዜ ለግቢው ጌጥ ብሎ ከልጆች መታጠቢያና ከወጥ ቤት ውሃ መቀነስ ለማንም የቤተ ሰብ አስተዳዳሪ አይገባውም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን። በፊት ለፊት፣ በበሩ መግቢያና በድንጋይ ካቡ ላይ፣ ፀሓይ በሚበረታበትና ውሃ በማይደርስበት ቦታ እሬት ይተከል። እሾኹ ግን ሕፃናት ከሚሮጡበት መንገድ ራቅ ይበል፤ ቢጫው ፈሳሹም ብርቱ ማስቀመጫ ስለ ሆነ ማንም እንደ መድኃኒት በግምት አይጠጣው። ችግኙንም ከችግኝ ጣቢያ መግዛት እንጂ ከተራራ የበቀለውን ነቅሎ ማምጣት አይገባም፤ አንዳንዱ የእሬት ዓይነት ከአገራችን በቀር በሌላ ስፍራ አይገኝምና።

እንሰት ደግሞ ከቤቱ ጀርባ፣ ግድግዳ ወይም አጥር ነፋሱን በሚከለክልለት፣ ከወጥ ቤት አጠገብ ይተከል። አትክልትና እህል የታጠበበት ውሃ ወደ ሥሩ ቢመራ ንጹሕ ውሃ ሳይባክን ይጠጣል፤ የከብት ፍግና የወጥ ቤት ጥራጊም ቀለቡ ይሆናል። ሲያድግ ስለሚሰፋ ከግድግዳው ሦስት ሜትር ያህል መራቅ አለበት። ለአንድ መካከለኛ ግቢ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚተክል ሰው ውሃውን አስቀድሞ ይቍጠር።

እንደዚህ የተደራጀ ግቢ በመስከረም ብቻ ሳይሆን በየካቲትም ያምራል። ከፊት ያለው ቈጣቢው ምንም ሳይጠይቅ ያብባል፤ ከኋላ ያለው ፈላጊው ከቤቱ የተረፈውን እየበላ ቤቱን መልሶ ይመግባል። የቤት እመቤትም ሆነ የቤት ጌታ ችግኝ ሊገዛ ሲሄድ “ይህ ተክል ያምራልን?” ከማለቱ በፊት “በበጋ ስንት ባልዲ ይጠጣል፤ ማንስ ይቀዳለታል?” ብሎ ይጠይቅ። መልሱን ያወቀ ሰው የተከለው ይጸድቅለታል።