ለጉባኤ የሚመች፣ ለምሥጢር የሚታመን፦ የመልእክት መተግበሪያዎችን ስለ መምረጥ

በጌዴኦ ዞን፣ በይርጋ ጨፌ አካባቢ ከምትገኘው ከዱመርሶ ለትምህርት ወደ ዲላ፣ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ዓረብ ሀገር የሄደ ወጣት ከቤተ ሰቡና ከንስሐ አባቱ ጋር የሚገናኘው በእጅ ስልኩ ነው። የጾም ምክር ይጠይቃል፤ የትዳሩን ችግር ያማክራል፤ አንዳንድ ጊዜም ኃጢአቱን ሳይቀር ጽፎ ይልካል። ብዙዎቻችን «የሚቀልለው የትኛው ነው?» ብለን መተግበሪያ እንመርጣለን፤ «ምሥጢር የሚጠብቀውስ?» ብለን ግን አንጠይቅም። ስለዚህ ሁለቱን ለይተን እንመልከት።

ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረ ሲሆን ለጉባኤ የሚያህለው የለም። አንድ ቡድን እስከ 200,000 አባላት ይይዛል፤ ረጅም ስብከትና መዝሙር ይላክበታል፤ ስልክ ቢጠፋ እንኳ መልእክቱ በሌላ ስልክ ተመልሶ ይገኛል። ይህ ምቾት የሚገኘው ግን መልእክቱ በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ ነው። በመንገድ ላይ ቢቆለፍም ቁልፉ በድርጅቱ እጅ ነው። በሁለቱ ሰዎች ስልክ ብቻ የሚከፈተው «ሲክሬት ቻት» የተባለው ነው፤ እርሱም በራሳችን ምርጫ ካልከፈትነው አይሠራም፤ በቡድንም ውስጥ የለም።

ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ማንኛውንም የግል መልእክት ከላኪው ስልክ ቆልፎ ያወጣል፤ የሚከፍተው የተቀባዩ ስልክ ብቻ ነው። ድርጅቱ ቃሉን ባያነብም ማን ከማን ጋር፣ መቼ እንደ ተገናኘ ማወቅ ይችላል። መልእክቶቹን በጉግል ወይም በአፕል መጠባበቂያ ስናኖርም ለመጠባበቂያው የተለየውን ቁልፍ ካላበራን ጥበቃው ይጎድላል። በቡድን ውስጥም የማያውቀን ሰው ስልክ ቁጥራችንን ሊያይ ይችላል። በዚህ በኩል ቁጥርን መደበቅ የሚፈቅደው ቴሌግራም ይሻላል።

ሲግናል ደግሞ ሁሉን መልእክት ቆልፎ ይልካል፤ ከስልክ ቁጥሩ በቀር የሚይዘው መለያው የተከፈተበትንና ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘበትን ቀን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ችግሩ ተቀባዩም ያንኑ መተግበሪያ መጫን ያለበት መሆኑ ነው፤ አባታችን ካልጫኑት ለእኛ ብቻ መኖሩ አይጠቅምም።

ምቾትም ቢሆን ዘላቂ አይደለም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናችን በፈተና ላይ ሳለች ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በሀገራችን ተገድበው እስከ ሐምሌ ቆይተዋል። የጉባኤ መርሐ ግብሩን በቴሌግራም ብቻ ያሳውቅ ለነበረ ሁሉ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። የዐውደ ምሕረቱ ማስታወቂያና የአባላት ስልክ ቁጥር የተጻፈበት መዝገብ ዛሬም ያስፈልጉናል።

ሕጉም ምሥጢራችንን ያከብራል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በደብዳቤ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይደነግጋል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ሆኖም ስልኩን ለጓደኛ የሚያውስን ሰው አዋጅ ብቻውን አይጠብቀውም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ለማስታወቂያና ለትምህርት ቴሌግራምን እንጠቀም። ለግል ምክር ሲግናልን ወይም ዋትስአፕን፣ አለዚያም ሲክሬት ቻትን እንምረጥ፤ መልእክቱም ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ራሱ እንዲጠፋ እናድርግ። ስልካችንን በይለፍ ቃል እንቆልፍ፤ መለያችን በሌላ መሣሪያ ተከፍቶ እንዳልቀረ በቅንብሩ ውስጥ እንመልከት። አባቶችም የልጆቻቸው ደብዳቤ ያለበትን ስልክ ለማንም ከፍተው ባይሰጡ መልካም ነው።

ስለ ኃጢአት ግን አንድ ነገር እንጨምራለን። የትኛውም ቁልፍ የተቀባዩን ስክሪን ፎቶ ከሚያነሣ እጅ አያድንም። ካህን በንስሐ የሰማውን እንዳይገልጥ በሥርዓት ታስሯል፤ ስልክ ግን እንዲህ ያለ መሐላ የለውም። ስለዚህ በሩቅ ያለን ልጆች በስልክ «አባቴ፣ ልናገርዎ የምፈልገው አለኝ፤ መቼ ልምጣ?» ብለን እንቀጥር፤ መምጣት ካልቻልንም ባለንበት ሀገር ወዳለ ካህን እንዲመሩን እንጠይቃቸው። ኑዛዜው ግን በካህኑ ፊት ይሁን።