ከእርሳሱ እስከ መንጠቆው

ባርበል ጠጠር የተነጠፈበትን ፈጣን ወንዝ የሚወድ የአውሮፓ ዓሣ ነው። አፉ ወደ ታች የዞረ ነው፤ አራት ጢሞችም አሉት፤ ሁለቱ ከአፍንጫው ጫፍ፣ ሁለቱ ከአፉ ጥግ የሚወርዱ። በእነሱ የወንዙን ወለል እየዳበሰና እየቀመሰ ትል፣ የነፍሳት እጭና ትንንሽ ቀንድ አውጣ ይለቅማል። የጣናው ነጭ ዓሣ የሩቅ ዘመዱ ነው። ነጭ ዓሣ በመረብ ተይዞ ገበያ ይወጣል፤ እንግሊዝ አገር ግን ባርበልን የሚያጠምድ ሰው ፎቶ አንሥቶ መልሶ ይለቀዋል። እንቁላሉማ ቢበሉትም አይበጅም፤ ያስታውካል፣ ያስቀምጣል።

እንግሊዞች ይህን ዓሣ ለመያዝ የማያደርጉት የለም። በምዕራብ ወደሚፈሰው የሰቨርን ወንዝ እ.ኤ.አ. በ1956 ከኬኔት ወንዝ 509 ባርበሎች አምጥተው ለቀቁ፤ ዛሬ ሰቨርን ከታወቁት የባርበል ወንዞች አንዱ ነው። በወንዝ ማጥመድ ከማርች 15 እስከ ጁን 15 በሕግ የተከለከለ ነው። ጁን 16 ላይ ወንዝ ዳር የተሰለፉትን አጥማጆች ጠጋ ብሎ ለሰማ፣ ክርክራቸው በአብዛኛው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ መንጠቆው ክር ርዝመት።

ከማጥመጃው ዘንግ የሚወርደው ዋና ክር ወንዙ ወለል ላይ ያረፈ እርሳስ ይይዛል። ከእርሳሱ ወዲያ መንጠቆውን የያዘ ሌላ ቀጭን ክር ይቀጥላል። የሚያከራክረው ይህ ነው፤ አንዱ 15 ሳንቲ ሜትር ያደርገዋል፣ ሌላው ከአንድ ሜትር በላይ። ሁለቱም ዓሣ ይይዛሉ፤ ግን በአንድ ዓይነት ውሃ አይደለም።

ርዝመቱ የሚወስነው ዓሣው ምግቡን ካነሣ በኋላ የእርሳሱ ክብደት መቼ እንደሚሰማው ነው። ባርበል ፊቱን ወደ ወንዙ ምንጭ አዙሮ ይበላል። ወራጁ መንጠቆውን ከእርሳሱ ወደ ታች ወስዶ ክሩን ወጥሮታል እንበል። ዓሣው ጎርሶ ወደ ታች ከዞረ ክብደቱ ወዲያው ይይዘዋል፤ ደንግጦ ይሸሻል፤ መንጠቆውም በራሱ ሽሽት ከንፈሩ ላይ ይተከላል። ጎርሶ ወደ ላይ ከዋኘ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የአንድ ሜትር ክር ይዞ እርሳሱን አልፎ እስኪወጠር ድረስ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ መንገድ ምንም ሳይሰማው ይሄዳል። በዚህ መሐል ምግቡን መትፋት ይችላል። ስለዚህ ረጅም ክር ለዓሣው ጊዜ የሚሰጥ ነው፤ ጊዜ መስጠት ደግሞ አንዳንዴ ይጠቅማል፣ አንዳንዴ ያከስራል።

የሚጠቅመው ውሃው ጠርቶ፣ ዓሣውም ደጋግሞ ተይዞ ሲለቀቅ ነው። እንዲህ ያለ ባርበል እርሳስና ወፍራም ክር አጠገብ መብላትን ይሸሻል፤ ስለዚህ ምግቡን ከእርሳሱ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ከዚያም በላይ ማራቅ ያዋጣል። በእርሳሱ ፋንታ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ቱቦ ምግብ ሞልቶ የሚጥል አጥማጅም ረጅሙን ይመርጣል፤ ከቱቦው የሚወጣውን ፍርፋሪ ወራጁ ወደ ታች ስለሚወስደው መንጠቆው ፍርፋሪው በሚያርፍበት መሥመር ላይ መገኘት አለበት። ዝናብ ጥሎ ወንዙ ሲደፈርስ ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ትርፍ ነው። ዓሣው የሚያድነው በማሽተትና በጢሙ ነው፤ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ክርና ጠንከር ያለ ሽታ ያለው የቆርቆሮ ሥጋ ይበቃል። ጎርፍ ላይ የሜትር ክር ዘርግቶ የሚቀመጥ ሰው፣ በእኔ ግምት፣ ለዓሣው ሳይሆን ለቅጠልና ለስንጥር ነው የዘረጋው።

አስተሳሰሩም የራሱ ጥበብ አለው። ምግቡ ዛሬ ብዙ ጊዜ መንጠቆው ላይ አይሰካም፤ ከመንጠቆው ጀርባ በምትወርድ አጭር የክር ጭራ ላይ ይንጠለጠላል። ዘዴውን የፈጠሩት ሌኒ ሚድልተንና ኬቨን ማዶክስ የተባሉ፣ ካርፕ የሚባለውን ዓሣ የሚያጠምዱ እንግሊዛውያን ናቸው፤ መጀመሪያ የተጠቀሙበት እውነተኛ የሰው ፀጉር ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ከክሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀለበት ይቋጠራል፤ ክሩ በመንጠቆው ዓይን አልፎ ግንዱ ላይ ሰባት ስምንት ጊዜ ይጠመጠምና ተመልሶ በዚያው ዓይን ይወጣል። የተበሳው የምግብ እንክብል በቀለበቱ ይታሰራል። በእንክብሉና በመንጠቆው መታጠፊያ መካከል ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል፤ ዓሣው ምግቡን ሲስብ መንጠቆው ነጻ ሆኖ ተከትሎ እንዲገባ።

ክሩ ከምን እንደተሠራም ይታሰብበታል። የተገመደው ለስላሳ ስለሆነ ምግቡ እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል፤ ሲረዝም ግን ሲወረወር ይተበተባል። ፍሎሮካርቦን የሚባለው ክር ደረቅ ነው፤ ይሰምጣል፤ ውሃ ውስጥም ብዙ አይታይም፤ ለረጅሙ እሱ ይሻላል። መተብተቡን የሚቀንስ አንድ ብልሃት አለ፤ እርሳሱ ውሃውን ሊመታ ሲል ዋናውን ክር በጣት ገታ ማድረግ። ያኔ እርሳሱ ይዘገያል፣ መንጠቆው ቀድሞት ይሄዳል፣ ክሩም ተዘርግቶ ያርፋል።

የዘንጉ ጫፍ በድንገት እስከ ውሃው ከጎበጠ ርዝመቱን መንካት አያስፈልግም። ጫፉ ደጋግሞ ነካ ነካ እየተደረገ ዓሣ የማይያዝ ከሆነ ግን ባርበሉ እያነሣ እየተፋ ሊሆን ይችላልና ማሳጠር ነው። ውሃው ጠርቶ ጭራሽ የሚነካ ከጠፋ ማስረዘም። መንጠቆው ከከንፈሩ አልፎ ጉሮሮው ውስጥ ከተገኘም ያለ ክርክር ክሩን ማሳጠር ነው፤ ዓሣው ተመልሶ ይለቀቃልና እንዲህ ሲያዝ ይጎዳል።