ነገር ከሥሩ፦ «ፓኬጁ አልተገኘም» ያለችው ትንሽ ኮምፒውተር

እኛ በውጭ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለአገር ቤት ዕቃ መላክ እንወዳለን። ዕቃው ደርሶ ሥራ መጀመሩን ግን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። በራሴ የደረሰውን ላጫውታችሁ።

በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ለተማርኩበት ትምህርት ቤት አንዲት ራስፕቤሪ ፓይ 4 ላክሁ። መዳፍ የማትሞላ፣ ሁለመናዋ በአንድ ሰሌዳ ላይ ያረፈ ኮምፒውተር ናት። ሐሳቡ ኪዊክስ የተባለውን ሶፍትዌር ጭኖ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ለተማሪዎች ማቅረብ ነበር። ጥር 2 ቀን የኮምፒውተር መምህሩ «ወንድሜ፣ አልጫን አለኝ፤ ፓኬጁ አልተገኘም ይላል» ብለው ጻፉልኝ። እኔም በመሐንዲስነቴ ተመክቼ፣ የማከማቻውን አድራሻ እንዲህ ይቀይሩ፣ እንዲያ ያርሙ እያልኩ ሁለት ምሽት አደከምኳቸው።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። በዚህች ማሽን ላይ ፓኬጅ የሚጫነው በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ «አፕት አፕዴት» በሚለው ትእዛዝ የፓኬጆቹ ዝርዝር ከማከማቻው ይወርዳል፤ ቀጥሎ «አፕት ኢንስቶል» ሲባል የተፈለገው ከዝርዝሩ ተገኝቶ ይጫናል። ዝርዝሩ ካልወረደ ፓኬጁ በማከማቻው ቢኖርም «አልተገኘም» ይባላል። መምህሩ የላኩልኝ የመጨረሻውን መስመር ብቻ ነበር፤ እኔም ከዚያ በላይ ምን እንደተጻፈ አልጠየቅሁም። በሦስተኛው ቀን ሙሉውን ሲልኩልኝ፣ ከላይ «የማከማቻው ሰነድ ገና አልጸናም፤ ከ2700 በላይ ቀናት ይቀሩታል» የሚል አነበብኩ።

ከሰባት ዓመት በላይ! ይህን ልዩነት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የት አለ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ራስፕቤሪ ፓይ 4 መብራት ሲጠፋ ጊዜ የሚቆጥርላት ባለባትሪ ሰዓት የላትም። ስትነሣ ትክክለኛውን ሰዓት ኤንቲፒ በተባለው ዘዴ ከኢንተርኔት ትጠይቃለች፤ የትምህርት ቤቱ ኔትዎርክ ግን ያንን በር ዘግቶታል። መምህሩ ቀኑ መሳሳቱን አይተው በእጃቸው አስተካከሉት፦ 2016፣ 5ኛ ወር፣ 2ኛ ቀን። በእኛ አቆጣጠር ልክ ናቸው። ማሽኗ ግን የፈረንጆቹን ሜይ 2016 አድርጋ ወሰደችው። አፕት ደግሞ፣ ለደኅንነት ሲባል፣ ቀኑ ገና ያልደረሰ ሰነድ አይቀበልም።

ቀኑን ወደ ጃንዋሪ 2024 መለስነው፤ «አፕት አፕዴት» አልን፤ ኪዊክስ ያለ ችግር ተጫነ። ችግሩ እንዳይደገም ዲኤስ3231 የተባለች ባለባትሪ የሰዓት ሰሌዳ በሰው እጅ ላክሁ። ራስፕቤሪ ፓይ 5 ሰዓቱ አብሮት አለ፤ ባትሪው ግን ለብቻ ይገዛል።

ተመሳሳይ ችግር የሚገጥማችሁ ካላችሁ፣ የመጨረሻውን ሳይሆን የመጀመሪያውን የስህተት መስመር አንብቡ። ቀጥሎ ቀኑን ተመልከቱ። ከዚያ የሚሞሪ ካርዱ ቦታ እንዳለው፣ ማከማቻው የእናንተን የሲስተም ዕትም አሁንም መያዙን (ያረጁት ወደ ሌላ አድራሻ ይዛወራሉ)፣ በመጨረሻም ፓኬጁ ለኤአርኤም ፕሮሰሰር የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ።

ማሽኗ አልዋሸችም፤ መምህሩም አልተሳሳቱም። ሁለቱን ሳላስተዋውቅ የላክሁት እኔ ነኝ። ከካርቶኑ ጋር አንድ ገጽ የአማርኛ ማብራሪያ ባኖር ኖሮ ተማሪዎቹ ለቀናት ባልጠበቁ ነበር። ስንልክ ይህን አንርሳ።

ቸር ይግጠመን።