ማንነቱ ሳይታወቅ የሚመዘነው የአውስትራሊያ ወይን ጠጅ

በአውስትራሊያ የወይን ጠጅ ውድድሮች ዳኞች የሚቀምሱት የማን ምርት እንደሆነ አያውቁም። ጠርሙሱ ከዓይናቸው ይሰወራል፤ ብርጭቆዎቹ የሚለዩት በቁጥር ብቻ ነው። ዓላማውም ዝናና ዋጋ ፍርዳቸውን እንዳያዛቡት ነው።

ዳኞቹ በመጀመሪያ ቀለሙን ያያሉ፤ ቀጥለው ያሸታሉ፤ በመጨረሻም አፋቸው ውስጥ አንሸራሽረው ይተፉታል። በቀድሞው የ20 ነጥብ አሰጣጥ ለቀለም 3፣ ለመዓዛ 7፣ ለጣዕም ደግሞ 10 ነጥብ ይያዝ ነበር። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ባለ 100 ነጥቡ ነው፤ 95 እና ከዚያ በላይ ወርቅ፣ ከ90 እስከ 94 ብር፣ ከ85 እስከ 89 ነሐስ ያስገኛል።

የሚፈለገው ባሕርይ ግን እንደ ወይኑ ዓይነት ይለያያል። እንደ ባሮሳ ሸለቆው ሺራዝ ባለ ቀይ ወይን፣ አፍን የሚያደርቀው ታኒን ከፍሬው ጣዕም ጋር መመጣጠኑ ይፈተሻል። ከክሌር ሸለቆው ነጭ ወይን፣ ከሪዝሊንግ፣ የጠራ ኮምጣጣነት ይጠበቃል። በታዝማኒያው አረፋማ ወይን ደግሞ የአረፋው ልስላሴና ቆይታ ይታያል።

ቀማሾች ሊሳሳቱም ይችላሉ። የፔንፎልድስ ወይን ጠማቂ ማክስ ሹበርት እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1951 መሥራት የጀመረው ‘ግሬንጅ’ በመጀመሪያዎቹ ቀማሾች ክፉኛ በመነቀፉ፣ ኩባንያው በ1957 እንዲያቆም አዘዘው። ሹበርት ግን በድብቅ ቀጠለ። በጠርሙስ ውስጥ ዓመታትን ያስቆጠረው የ1955 ምርት ከ1962 አንስቶ በውድድሮች ተደጋጋሚ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ።

ነጥብ የሚመሰክረው ወይኑ በተቀመሰበት ቀን ስለነበረው ጣዕም ነው፤ ከዓመታት በኋላ ስለሚኖረው ግን ዳኞች ከግምት ያለፈ ነገር ሊሰጡ አይችሉም።